የቅዳሜው ውይይት፦ ፖሊስ ያልነበራት ፔትሮግራድ

ሰላም ለሁላችሁ። የዚህ ቅዳሜ ርዕሳችን በፈረንጆቹ 1917 በፔትሮግራድ (በያኔዋ የሩሲያ ዋና ከተማ፣ በዛሬዋ ሴንት ፒተርስበርግ) የታየው ወንጀልና የደቦ ፍርድ ነው። ከቀኑ 9 ሰዓት፣ በተለመደው ክፍል እንገናኝ።

የሩሲያን ዛር (ንጉሠ ነገሥት) ከዙፋን ባወረደው የየካቲቱ አብዮት ፖሊስ ጣቢያና ፍርድ ቤት ተቃጠለ። እስር ቤቱ ሲሰበር ከፖለቲካ እስረኛው ጋር ሌባውም ወጣ። በፖሊስ ፋንታ የመጣው ሚሊሻ ልምድ አልነበረውም። ስለዚህ ሰዉ ራሱ ፈራጅ ሆነ፤ ሩሲያውያን ‹ሳሞሱድ› ይሉታል። ኪስ ሲያወልቅ የተያዘ እዚያው ይደበደባል፣ አንዳንዴም ቦይ ውስጥ ይወረወራል። የሚገርመው፣ ዛሩን የተካው ጊዜያዊ መንግሥት የሞት ቅጣትን የሻረው በዚያው ዓመት መጋቢት ላይ ነበር።

አንድ አንድ ጥያቄ ጽፋችሁ አምጡ። ቀጣዩን ርዕስም በድምፅ እንወስናለን። የምትመጡ እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ አሳውቁን፤ ወንበር የምናዘጋጀው በቁጥራችሁ ነው።