መጸለት ስላልሽው ነገር

ይድረስ ለልጄ፣

የላክሽልኝን ታሪክ ትናንት ማታ አነበብኩት። ሠርጉ ደስ ይላል። ሙሽራዋን ጫማ የጠበባት ቦታማ ብቻዬን አስቆኛል። አንድ ቦታ ላይ ግን ቆምኩ፤ «እንግዶቹ መጸለቱ ውስጥ ተቀመጡ» ብለሻል። ከየት አገኘሻት? ይህችን ቃል ከሰማኋት ቆየሁ።

ልጅ ሆኜ ከጸሎት የመጣች ትመስለኝ ነበር፤ የመጸለያ ቦታ ማለት። አይደለችም። ጸሎት የመጣው «ጸለየ» ከሚለው ነው። መጸለት ግን የ«ጸለለ» ልጅ ናት፤ ጋረደ፣ ጥላ ሆነ ማለት ነው። ግእዝ በ«ጸ» የሚለውን አማርኛችን ብዙ ጊዜ በ«ጠ» ይለዋል፤ ጸጉር ጠጉር፣ ጾም ጦም እንደሚባለው። አሁን ጸለለን በ«ጠ» አንብቢው። ተጠለለ፣ መጠለያ፣ ጥላ፣ ሁሉም ቤተ ዘመድ ናቸው። ሁልጊዜ ረስተሽው የምትወጪው ጃንጥላሽ ሳይቀር! ዐረቦችም ጃንጥላን «መዘላ» ይሉታል፤ ሥሩ ያው ነው።

ትርጉሟ ዳስ ነው፤ ቅርንጫፍና ቅጠል ለብሶ ለጥቂት ቀን የሚቆም መጠለያ። በብዛት የምትገኘው «በዓለ መጸለት» ሲባል ነው። እስራኤላውያን ከግብፅ ሲወጡ በዳስ መኖራቸውን ለማሰብ 7 ቀን ዳስ ውስጥ የሚቀመጡበት በዓል ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 23 ቅርንጫፎቹን ሳይቀር ይጠራቸዋል፤ ሰሌን አለ፣ የወንዝ አኻያ አለ። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ግን በዓሉን «የዳስ በዓል» ነው የሚለው።

ለሠርግሽ ታዲያ አትሆንም። ሰው «ዳስ ጣሉ» ይላል፤ «መጸለት ጣሉ» ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ዳስ ሲሉኝ የቅጠሉ ሽታ ይመጣብኛል፣ ቋሚ የሚተክሉት ጎረምሶች ጫጫታ ይሰማኛል። መጸለት ሲሉኝ ዕጣን ዕጣን ይለኛል። «ድንኳን»ም እንዳትይ፤ እሱ ሸራ ነው፣ ያንቺ ሰዎች ደግሞ ቅጠል ተሸክመው ነው የመጡት።

ካልጨከንሽባት ለሙሽራዋ አያት ስጫቸው። ቄስ ናቸው አይደል? ዳሱ ውስጥ ቁጭ ብለው ወደ ቅጠሉ ቀና ይበሉና «መልካም መጸለት ነው» ይበሉ። ሙሽራው አይገባውም። ደግመው ሳይነግሩት ጠላቸውን ይጠጡ።

አባትሽ