ለመንዝ የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ዘመቻ የድጋፍ ጥሪ

የተከበራችሁ የመንዝ ተወላጆችና ወዳጆች፦

በመንዝ ገጠር ቀበሌዎች በልጅ እጅ እየተመሩ የሚሄዱ እናቶችና አባቶች አሉን። ከእነርሱ ብዙዎቹ የዓይን ሞራ ይዟቸው ነው እንጂ ብርሃናቸው ጨርሶ አልጠፋም። በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ በተካሄደው ጥናት፣ ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉ መንስኤው የዓይን ሞራ ሆኖ ተገኝቷል። ይህ በቀዶ ሕክምና የሚድን ሕመም ነው።

ሰዎቻችንን እቤት ያስቀራቸው መንገዱና ፍርሃቱ ነው። ለመንገዱ ገንዘብ እንጠይቃችኋለን፤ ለፍርሃቱ ግን የእናንተ ቃል ያስፈልገናል።

«ዓይን ወጥቶ፣ ታጥቦ ይመለሳል» የሚለው ወሬ ሐሰት ነው። ዓይን ከቦታው አይነሣም። ሞራ የሚባለው ከብሌኑ በስተኋላ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ሲደፈርስ ነው። ሐኪሙ ዓይኑን ያደነዝዛል፤ ጥቂት ሚሊ ሜትር ከፍቶ የደፈረሰውን ያወጣና አስቀድሞ በተለካው መጠን ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተክላል። ሌንሱ ዕድሜ ልክ ይቆያል። ታካሚው ነቅቶ ሐኪሙን ይሰማል፤ ሲነካካ ቢታወቀውም አያመውም። በአብዛኛው ስፌት አያስፈልግም፣ ግማሽ ሰዓትም አይሞላም። ፋሻው በማግስቱ ይነሣል።

ያልሆነ ተስፋ መስጠት ግን አንፈልግም። ዓይኑ ለጥቂት ቀናት ይቆረቁራል፤ ለቅርብ ሥራ መነጽር ሊያስፈልግ ይችላል። ግላኮማ ወይም ትራኮማ ቀድሞ የጎዳው ዓይን ሞራው ቢወጣለትም እንደሚፈለገው ላያይ ይችላል። ስለዚህ ሁሉም አስቀድሞ ይመረመራል። «ሞራው ይብሰል» ብሎ መጠበቅም ጉዳት አለው፤ የቆየ ሞራ ቀዶ ሕክምናውን ያከብደዋል።

መዋጮው የሚውለው ለሌንስ፣ ለመድኃኒትና ለታካሚውም ለአስታማሚውም መጓጓዣ፣ ምግብና ማደሪያ ነው። የመመለሻ ቀጠሮ ወጪን በተለይ አደራ እንላለን። ጠብታው ለሳምንታት ይቀጥላል፤ በእነዚያ ጊዜያት ዓይን አይታሽም፣ ያልጸዳ ውኃ አይነካውም፣ ከባድ ሸክም አይነሣም። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሕመም የበረታበት ወይም እይታው የቀነሰበት ሰው በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መድረስ አለበት። የመኪና ገንዘብ አጥቶ የሚቀር ታካሚ እንዲኖረን አንፈልግም።

ቅድሚያ የምንሰጠው ሁለቱም ዓይናቸው ለታወረባቸውና ልጅ ከትምህርት ቤት ቀርቶ ለሚመራቸው ነው። አንድ ልጅ ወደ ክፍሉ ሲመለስ ሁለት ሰው እንደታከመ እንቆጥረዋለን።

አዲስ አበባም ሆናችሁ በውጭ አገር የምትኖሩ፣ የአቅማችሁን በየአካባቢያችሁ ለሚገኘው የኮሚቴው ገንዘብ ያዥ በደረሰኝ አስረክቡ። ወደ ቤት ስትደውሉም የሕክምናውን ነገር ለወላጆቻችሁና ለጎረቤቶቻቸው በራሳችሁ አንደበት አስረዱልን፤ ከኮሚቴው ይልቅ ልጃቸውን ያምናሉ። የተስማሙትን በቀበሌው ጤና ኬላ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ትመዘግባቸዋለች።