«ሁለተኛውን ቀስት ተወው»፦ የሥነ ልቦናና የደስታ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

«ደስታ ደግሞ ምን ክበብ ያስፈልገዋል?» ዓመቱን ሙሉ ስንጠየቅ የከረምነው ይህንን ነው። መምህራን ማረፊያ ውስጥም ሳይቀር። ሚኒ ሚዲያው ማይክ አለው፣ የአካባቢ ጥበቃው ችግኝ አለው። እኛ ያለን አርብ ከሰዓት የሚለቀቅልን አንድ ክፍል ነው። እሱም አንዱ መስኮት መስታወት የለውም፤ የደብረ ብርሃንን የኅዳር ብርድ የሚያውቅ ምን ማለቴ እንደሆነ ይገባዋል።

መጀመሪያ የያዝነው ቡድሃን ነው። ሲዳርታ ጎታማ ከክርስቶስ ልደት በፊት በዛሬዋ ኔፓልና በሰሜን ሕንድ አካባቢ የኖረ ሰው ነው። የትምህርቱ መነሻ ሕይወት ውስጥ ሥቃይ አለ፣ የሥቃዩ ምንጭም የማይጠግብ ፍላጎት ነው የሚል ነው። ይህንን ብዬ ሳልጨርስ ከኋላ ወንበር አንዱ የ12ኛ ክፍል ልጅ እጁን አወጣ። «ቲቸር፣ ፍላጎቴን ከተውኩማ ማትሪክ ለምን እፈተናለሁ?»

ልክ ነው! ክርክሩ ለሳምንታት አልበረደም። መልስ የመሰለ ነገር ያገኘነው ከሌላ ቦታ፣ ከሕንዶቹ ቅዱስ መጽሐፍ ከባጋቫድ ጊታ ነው። እዚያ ላይ አምላኩ ክሪሽና ተዋጊውን አርጁናን ሥራህን ሥራ፣ ፍሬው ላይ ግን አትጣበቅ ይለዋል። ከባሶና ወራና የሚመጣ ልጅ ወዲያው ገባው። «አባቴ ገብስ ሲዘራ ውርጭ ሊመታው እንደሚችል ያውቃል። ግን ይዘራል። ስለ ውርጩ ሲያስብ አድሮም አያውቅም» አለ። አጠገቡ ያለችው ልጅ ደግሞ «ላንተ ስለማይነግርህ ነው እንጂ!» አለችውና ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም የእሷ አስተያየት ሳይሻል አይቀርም ባይ ነኝ።

ከዚያ ወደ ዘመናዊው ሥነ ልቦና ተሻገርን። እ.ኤ.አ. በ1978 ብሪክማን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ አሜሪካ ውስጥ 22 ትልቅ ሎተሪ የደረሳቸውን ሰዎች ካልደረሳቸው ጋር አወዳደሩ። ሎተሪ የደረሳቸው ከሌላው ሰው ይህን ያህል የበለጠ ደስተኛ አልነበሩም፤ እንዲያውም ቁርስ ከመብላት፣ ከጓደኛ ጋር ከመጫወት የሚያገኙት ደስታ ቀንሶ ተገኘ። ሰው አዲስ ነገርን ቶሎ ይለምዳል ማለት ነው፤ ቡድሃም አይጠግብም ሲል ከዚህ ብዙም አልራቀም። ልጆቹ ግን በቀላሉ የሚዋጥላቸው አይደሉም። አንዷ «22 ሰው ምን ይነግረናል?» አለች። ጥሩ ጥያቄ ነው። በኋላ ስዊድን ውስጥ ሎተሪ የደረሳቸው በጣም ብዙ ሰዎች ተጠንተው በሕይወታቸው ያላቸው እርካታ ለዓመታት ከፍ ብሎ እንደቆየ ታይቷል። ስለዚህ ገንዘብ ምንም አይጠቅምም እያላችሁ ሰው አታድክሙ። ከኋላ ወንበር «እንቁጣጣሽ ሎተሪ ይድረሰኝና እኔው አጥንቼ ሪፖርት አቀርባለሁ» ያለም አልጠፋም።

የዓመቱ ትልቁ ነገር ግን ቀስቱ ነው። ቡድሃ እንዲህ የሚል ምሳሌ አለው፦ ሰው በቀስት ሲወጋ ያመዋል፤ ከዚያ «ለምን እኔን?» እያለ ሲብሰለሰል በሁለተኛ ቀስት እንደተወጋ ይሆናል። የመጀመሪያው አይቀርልህም፤ ሁለተኛውን የምትጨምረው አንተ ነህ። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አሜሪካዊው የአእምሮ ሐኪም አሮን ቤክ የጀመረው ሕክምናም የሚያተኩረው እዚሁ አካባቢ ነው። ሰውን የሚጎዳው የደረሰበት ነገር ብቻ ሳይሆን ስለ ራሱ በችኮላ የሚደመድመው ሐሳብም ነውና፣ ያንን ሐሳብ አውጥቶ «እውነት ነው ወይ?» ብሎ መመርመር ያስፈልጋል ይላል። በእኛ ቋንቋ፦ ሒሳብ ከመቶ 38 ማምጣት አንደኛው ቀስት ነው። «እኔ ደደብ ነኝ፣ አለቀልኝ» እያሉ ማደር ሁለተኛው።

ይህ ነገር ከክበቡ አምልጦ ግቢ ውስጥ ገባ። ኳስ ሜዳ ላይ ፍጹም ቅጣት ምት የሳተ ልጅ ራሱን ይዞ ሲቀመጥ «ሁለተኛውን ተወው!» ሲሉት ሰምቻለሁ። ደስ ይላል። እናቷ የታመመባትን ልጅ እንዲሁ ሊሏት የሞከሩ ጊዜ ግን አስቁሜያቸዋለሁ፤ እሷ ጋ ያለው ገና የመጀመሪያው ቀስት ነው፤ እዚያ ላይ የሚያስፈልገው ምክር ሳይሆን አብሮ መቀመጥ ነው። ክበቡም ሕክምና አይደለም። የከበደው ልጅ ካለ ወደ ትምህርት ቤቱ አማካሪ፣ ካስፈለገም ወደ ሆስፒታል እንዲሄድ እናደርጋለን።

በትንፋሽ ልምምዱ የተነሳውን ወሬ ሰምታችኋል መሰለኝ። ጆን ካባት-ዚን የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1979 ማሳቹሴትስ ውስጥ ከቡድሂስቶች የወሰደውን ልምምድ ሃይማኖቱን አውጥቶ ለሕሙማን የስምንት ሳምንት ሥልጠና አደረገው። እኛም ትንሽ ሞከርነው፤ ዝም ብሎ ቁጭ ማለት፣ ትንፋሽን መከታተል፣ ሐሳብ ሲሄድ መመለስ። አንድ አባት ጋቢያቸውን እንዳጣፉ መጡ። «መምህር፣ ልጄን የምን ሃይማኖት ነው የሚያስተምሩብኝ?» «አባቴ፣ ይግቡና ይዩ» አልኳቸው። መጨረሻ ወንበር ላይ ተቀምጠው አዩ። አንዳንዱ ልጅ ዳዊቱን በልቡ ይላል፣ ሙስሊሞቹም ዚክራቸውን፣ ሌላው ትንፋሹን ይቆጥራል፣ አንዱ ደግሞ አንቀላፍቷል። ሲወጡ «ይሄማ እኛ ከብት ስንጠብቅ ስናደርገው የኖርነው ነው» ብለውኝ ሄዱ። ልጃቸውም አልቀረችም።

ሥራ ውስጥ ስለመመሰጥ ያጠናውን የቺክሰንትሚሃይን ስም ሰሌዳ ላይ ጽፌ በትክክል ያነበበ አልተገኘም። ነገሩን የገለጸችልን ዳንቴል የምትሠራ የ10ኛ ክፍል ልጅ ናት፤ «መርፌውን ስይዝ መብራት መጥፋቱን እንኳ የማውቀው ዓይኔ ሲቸገር ነው» አለች።

የምስጋና ደብተሩ ላይ ብዙ ተለፋ። ኤመንስና መከላው እ.ኤ.አ. በ2003 ባሳተሙት ጥናት የሚያመሰግኑባቸውን ነገሮች በየሳምንቱ የጻፉ ተማሪዎች ችግራቸውን ከጻፉት ይልቅ ስለ ሕይወታቸው የተሻለ ስሜት ነበራቸው። የእኛዎቹ መጀመሪያ ሁሉም መስመር ላይ «ስለ ሁሉም ነገር እግዚአብሔር ይመስገን» ብለው ሞልተው አስረከቡኝ። አሜን፣ ግን ምኑ? አንድ ነገር ብቻ፣ የዛሬ የሆነ፣ የሚታይ የሚዳሰስ ይሁን ተባለ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ባለቤቱን አስፈቅጄ ልጥቀስ፦ «አክስቴ ካልሲዬን ከምድጃው አጠገብ አሙቃ ጠበቀችኝ።»

ከገጠር መጥተው ቤት ተከራይተው የሚማሩት ደግሞ የራሳቸውን ጨመሩ። እሑድ ማታ ስንቅ ሲመጣ አንድ ሰሐን ለጎረቤት ተከራይ ይወጣል። ለሌላ ሰው ማውጣት ለራስ ከማውጣት የበለጠ እንደሚያስደስት እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ የኤልዛቤት ደን ጥናት አለ ስላቸው አልገረማቸውም፤ «ሐሙስ ላይ ስንቃችን ሲያልቅ እነሱም ያበሉናላ» አሉኝ።

አንኮበር ልንሄድ አስበን ነበር። መኪና አልተገኘም፣ ቀረ።

በመጪው ዓመት ምዝገባ መስከረም ላይ ነው፤ 9ኛ ክፍሎችንም እንቀበላለን። ርዕሱ ሞባይልና ትኩረት እንዲሆን ልጆቹ ድምፅ ሰጥተዋል (ድምፁን በቴሌግራም ነው የሰጡት)። ርዕሰ መምህሩ ስለ መስታወቱ ቃል ገብተውልናል። ደብተር ከየቤታችሁ ይዛችሁ ኑ፣ ክበቡ በጀት የለውም።