አስተማሪ ለመሆን ለቆረጠችው ልጄ

ውድ ልጄ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰነበትሽ?

እዚህ አሜሪካ አስተማሪ እሆናለሁ ያልሽውን ሰምቻለሁ። አልከለክልሽም። ግን በዚህ መንገድ ላይ ሰው የሚንጠባጠበው የት የት ላይ እንደሆነ ሳታውቂ እንዳትገቢ።

በአሜሪካ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ከመቶ ተማሪ 15 ያህሉ ጥቁር ነው፤ ከመቶ አስተማሪ ግን 6 ያህሉ ብቻ። የኛም ልጆች እዚያ ቅጽ ላይ የሚሞሉት ጥቁር ተብለው ነው። ሙያውን የሚፈልግ ጠፍቶ እንዳይመስልሽ። በ1953 (በፈረንጆቹ ነው የምቆጥርልሽ) የቶፒካ፣ ካንሳስ፣ የትምህርት ቤቶች ኃላፊ ለአንዲት ጥቁር መምህርት ደብዳቤ ጻፈላት፤ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዘር ለይቶ ማስተማርን ከሻረ ለሚቀጥለው ዓመት አንፈልግሽም የሚል። በ1954 ፍርድ ቤቱ ሻረው፤ የብራውን ፍርድ የሚሉት እሱን ነው። እስከ 1965 ድረስ በ17 የደቡብና የአዋሳኝ ስቴቶች 38,000 ያህል ጥቁር መምህራንና ርእሰ መምህራን ከሥራ ወጡ። ልጆቹን ቀላቀሉ፣ አስተማሪዎቹን አሰናበቱ።

ጉዳቱ ተለክቷል። ቴነሲ ውስጥ ከመዋዕለ ሕፃናት እስከ 3ኛ ክፍል ባለው ጊዜ አንድ እንኳ ጥቁር አስተማሪ የገጠመው ጥቁር ተማሪ፣ ካልገጠመው ይልቅ ኮሌጅ የመግባት ዕድሉ በ19 በመቶ ከፍ ብሎ ተገኝቷል። እኔን ግን ከቁጥሩ በላይ የሚገርመኝ አሠራሩ ነው። ለባለ ልዩ ተሰጥኦ ተማሪዎች የሚሰጠውን ትምህርት ውሰጂ። በብዙ ቦታ ልጁ የሚፈተነው መጀመሪያ አስተማሪው ወይም ወላጁ ሲጠቁመው ነው። እጁን ሳያወጣ መልስ የሚናገር ልጅ ለአንዷ አስተማሪ «ፈጣን» ነው፣ ለሌላዋ «ረባሽ»። ወላጁም፣ በተለይ የኛ ሰው፣ መጠቆም እንደሚችል አያውቅም። ብሮዋርድ ካውንቲ፣ ፍሎሪዳ፣ በ2005 ጥቆማውን ትቶ የ2ኛ ክፍል ልጆችን ሁሉ መፈተን ሲጀምር፣ ወደዚህ ትምህርት የሚገቡት ጥቁርና ሂስፓኒክ (ዘራቸው ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የሆነ) ልጆች ቁጥር በጣም ጨመረ። በጀት ሲጠፋ ፈተናው ቀረ፤ ልዩነቱም ተመለሰ። ልጆቹ ያው ናቸው። ስለዚህ ክፍል ስትይዢ የጥቆማው ቅጽ መቼ እንደሚዘጋ በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቂ።

አሁን ወደ አንቺ። የመጀመሪያው ማነቆ የላይሰንስ፣ ማለትም የማስተማር ፈቃድ፣ ፈተናው ነው። ብዙ ስቴቶች ፕራክሲስ የሚባለውን ፈተና ይጠቀማሉ፤ ማለፊያ ነጥቡን ግን የሚወስነው እያንዳንዱ ስቴት ነው፤ የምታስተምሪበትን ስቴት ሳትወስኚ አትመዝገቢ። የአንደኛ ደረጃው አራት ክፍል አለው፦ ንባብ፣ ሒሳብ፣ ማኅበራዊ ጥናትና ሳይንስ። የወደቅሽውን ብቻ መድገም ትችያለሽ፤ ግን በየድግግሞሹ ትከፍያለሽ፣ መጠበቂያ ጊዜም አለው። ብዙ ጎበዝ ሰው የቀረው አልችል ብሎ ሳይሆን ሁለተኛውን ክፍያ አጥቶ ነው።

ሁለተኛው የማስተማር ልምምዱ ነው። ከ12 እስከ 16 ሳምንት ሙሉ ቀን ክፍል ውስጥ ትውያለሽ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያለ ክፍያ። ማታና ቅዳሜ እየሠሩ መቀጠል ጉልበት ይጨርሳል፤ የዚያን ሴሚስተር ኪራይ ከአሁኑ ማስቀመጥ ጀምሪ።

ሦስተኛው ቲች ግራንት የሚሉት፣ አስተማሪ ለመሆን ለሚማሩ የፌዴራል መንግሥቱ የሚሰጠው ገንዘብ ነው። በዓመት እስከ 4,000 ዶላር ይሰጣል፤ ስጦታ የሚሆነው ግን ትምህርትሽን በጨረስሽ በ8 ዓመት ውስጥ 4 ዓመት ሙሉ፣ የአስተማሪ እጥረት ባለበት የትምህርት ዓይነት፣ ዝቅተኛ ገቢ ባለበት ትምህርት ቤት ካስተማርሽ ብቻ ነው። ካላሟላሽ ወደ ብድር ይለወጣል፣ ወለዱም ገንዘቡ ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ ይቆጠራል። የሒሳብ ወይም የልዩ ፍላጎት አስተማሪ ለመሆን ቆርጠሽ ካልሆነ ባትነኪው ይሻላል።

አንድ ነገር ደግሞ በቅጥር ውል ላይ የማይጻፍ አለ። በአንድ ትምህርት ቤት ብቸኛዋ ጥቁር አስተማሪ ከሆንሽ፣ ከሌላ ክፍል የተባረረውን ጥቁር ልጅ ሁሉ ወደ አንቺ ይልኩታል። «አንቺን ይሰማሻል» ይሉሻል። ወላጅ ሲመጣ ደግሞ አማርኛ አስተርጓሚ ትሆኛለሽ። በዚያ ሰዓት ያንቺ 25 ልጆች ሥራ ፈትተው ይጠብቃሉ። እምቢ ማለት ከከበደሽ ቀኑን፣ ሰዓቱንና የፈጀውን ደቂቃ መዝግቢ፤ በወሩ መጨረሻ ለርእሰ መምህሯ አሳዪና ወይ ክፍያ ወይ የዕቅድ ሰዓት ጠይቂ። አስተርጓሚ ማቅረብ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው፣ ያንቺ ውለታ አይደለም።

ለበዓል ስትመጪ የግራንቱን ውል ይዘሽ ነይ፤ ከመፈረምሽ በፊት መስመር በመስመር አብረን እናየዋለን።

አባትሽ