ፌሎኒን (ከባድ ወንጀልን) ወደ ሚስዲሚነር (ቀላል ወንጀል) ስለማስቀነስ፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ወደ ቢሮአችን ከሚመጡ ወገኖቻችን «ፕሮቤሽኔን (በፍርድ ቤት ቁጥጥር ሥር የምቆይበትን ጊዜ) ስጨርስ ፌሎኒው በራሱ ወደ ሚስዲሚነር ይወርዳል አይደል?» የሚል ጥያቄ ደጋግመን ስለምንሰማ፣ የካሊፎርኒያን አሠራር በጽሑፍ ለማስረዳት ወስነናል። መልሱ አይወርድም ነው፤ ፍርድ ቤቱ ተጠይቆ ሊያወርደው ይገባል።

ጥያቄው የሚቀርበው በካሊፎርኒያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 17 (ለ) መሠረት ሲሆን፣ የሚሠራውም እንደ ሁኔታው በፌሎኒም በሚስዲሚነርም ሊያስቀጡ ለሚችሉ፣ ጠበቆች «ዎብለር» ለሚሏቸው ወንጀሎች ብቻ ነው። ከ950 ዶላር በላይ የሆነ ስርቆትና በትዳር ጓደኛ ላይ የአካል ጉዳት ማድረስ ከእነዚህ ይመደባሉ፤ ዘረፋ ግን ምንጊዜም ፌሎኒ ስለሆነ ዳኛው ቢያዝንላችሁ እንኳ በዚህ መንገድ አይቀነስም።

ክሱ ገና በሂደት ላይ ከሆነ ዐቃቤ ሕጉ ራሱ በሚስዲሚነር ሊከስስ ይችላል፤ ባይፈቅድም በቅድመ ምርመራ ችሎት ወይም ቅጣት በሚወሰንበት ዕለት ዳኛው ሊያወርደው ሥልጣን አለው። ፕሮቤሽን ከተሰጠ በኋላም ማመልከት ይቻላል። እዚህ ላይ ግን ብዙዎች የሚሳሳቱበት ነገር አለ፦ ዳኛው ቅጣቱን ሳይወስን ፕሮቤሽን ከሰጠ በሩ ክፍት ነው፤ የፌሎኒ እስራት ዘመን ወስኖ አፈጻጸሙን ብቻ ካገደ ግን፣ እናንተ አንድ ቀን ሳትታሰሩ ብትቀሩም ጥፋቱ ፌሎኒ ሆኖ ይቀራል። ሁለቱም በተራ አነጋገር «ታግዶልኛል» ስለሚባሉ፣ ልዩነቱ የሚታወቀው ከችሎቱ ትእዛዝ ብቻ ነው።

ዳኛው የወንጀሉን ሁኔታ፣ የተከሳሹን ባሕርይና ስለ ጥፋቱ ያለውን አመለካከት ይመዝናል። ስለዚህ ካሳው ተከፍሎ ማለቁን የሚያሳይ ደረሰኝ፣ ከአሠሪ የተጻፈ ደብዳቤና የትምህርት ማስረጃ ከረጅም ንግግር ይልቅ ይረዳሉ ብለን እናምናለን።

የአሜሪካ ዜግነት የሌላችሁ ደንበኞቻችን ከማንም በላይ እንድትጠነቀቁ አደራ እንላለን። የመባረር ሕጉ አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊያሳስር የሚችልን ወንጀል ስለሚያይ፣ ካሊፎርኒያ እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 2015 ጀምሮ የሚስዲሚነርን ከፍተኛ ቅጣት 364 ቀን አድርጋለች፤ አንዲቱ ቀን የሰውን ኑሮ ልትወስን ትችላለች። ከዚያ ቀን በፊት ለተፈረደባቸው ግን የኢሚግሬሽን ባለሥልጣናት ይህን ለውጥ ወደ ኋላ ወስደው አይቀበሉትም። በዚያው የካሊፎርኒያ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 1203.4 ክስን ማሰረዝ ደግሞ ለሥራ ፍለጋ ቢጠቅምም፣ በአብዛኛው በኢሚግሬሽን ፊት ጥፋተኝነቱን አያጠፋውም። በመሆኑም ጥፋተኝነታችሁን ከማመናችሁ በፊት የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ።

ወደ እኛ ስትመጡ ፕሮቤሽን የተሰጣችሁበትን ዕለት የችሎት ትእዛዝ ይዛችሁ ቅረቡ፤ ከእጃችሁ ከጠፋ ጉዳዩ ከታየበት ፍርድ ቤት ጽሕፈት ቤት ቅጂ መጠየቅ ይቻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቢሮው ባልደረቦች
ሎስ አንጀለስ