ጣሪያው ከክረምት በፊት ይከደን፦ ለመምህሮቻችን መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

ውድ የትምህርት ቤታችን ልጆች፣ ባላችሁበት ሰላምታችን ይድረሳችሁ።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ሌሊት በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ከነፋስ ጋር ጣለ። ሲነጋ የጥበቃ ሠራተኛው ደውለው «አራተኛ ክፍል ወደቀ» አሉን። ክፍሉን ቤተ መጻሕፍት ካደረግነው ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ እሳቸው ግን ዛሬም አራተኛ ክፍል ነው የሚሉት፣ እኛም እንደዚያው። ወራጆቹን ምስጥ ከውስጥ በልቷቸው ኖሯል። ከምሥራቁ ጫፍ ጀምሮ አንዱ ሌላውን እየጎተተ፣ ግማሹ ክዳን ከነኮርኒሱ መጻሕፍቱ ላይ ተኛ። ሌሊት መሆኑና ትምህርት ቤቱ ዝግ መሆኑ በጀ እንጂ ዛሬ የምንጽፈው ሌላ ነበር። ፈጣሪ ይመስገን።

ከዚያ ወዲህ ይህ አራተኛው ጥሪያችን ነው። ሦስቱ ጥሪዎች አንድ ላይ ያስገኙት የሚያስፈልገንን ግማሽ እንኳ አልሞላም። ደጋግመን ስንለምን እንደሚሰለቻችሁ እናውቃለን፤ እኛም ደክሞናል። ሥራችንን ጨርሰን ማታ ማታ የምንሰበሰብ ሰዎች ነን፤ ከመካከላችን ሁለቱ በሕመምና በኑሮ ምክንያት ኮሚቴውን ለቀዋል። ነገር ግን ክፍሉ በሸራ እንደተሸፈነ ሁለተኛ ክረምት ከመጣበት ግድግዳውም ይሄዳል። የጭቃ ግድግዳ ከላይ ውኃ ከገባበት ምርጊቱ ይረግፋል፣ ማገሩ ይበሰብሳል። ያን ጊዜ የምንለምነው የጣሪያ ሳይሆን የሙሉ ቤት ገንዘብ ነው።

አንዳንዶቻችሁ ደጋግማችሁ የጠየቃችሁትን በግልጽ ልመልስ። «ለምን መጀመሪያ ጣሪያውን አልሠራችሁም? ወለልና መደርደሪያ ላይ ለምን አወጣችሁ?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ሥራውን ስንጀምር አናጺ አስወጥተን አሳይተናል። ቆርቆሮው አርጅቷል፣ እንጨቱ ግን ጥቂት ዓመት ይይዛል ተባልን። ወለሉ ደግሞ አፈር ነበር፤ ልጆቹ ከአቧራ ጋር ነበር የሚያነቡት። ስለዚህ ሲሚንቶ አስፈሰስን፣ መስኮቶቹን በብረት አስቀየርን፣ መደርደሪያ አሠራን፣ ከአንደኛ እስከ ስምንተኛ ክፍል ያሉትን መማሪያ መጻሕፍትና የተረት መጻሕፍት ገዛን። ምስጡ ከውስጥ ነበር፤ አላየነውም። ጥፋቱ የእኛ ነው የሚል ካለ እንቀበላለን። ገንዘቡ ግን አንድም ብር ከታለመለት ውጭ አልዋለም። ደረሰኞቹ በሙሉ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ፋይል ውስጥ ናቸው፤ የወላጅ መምህር ኅብረቱም አይቶ ፈርሞባቸዋል። ወደ ከተማችን የመጣ ሁሉ ገብቶ ማየት ይችላል። ለኮሚቴ አባል አበል፣ ትራንስፖርትም ሆነ የስልክ ካርድ ከዚህ ገንዘብ ተከፍሎ አያውቅም።

ይህ ቤት ለምን እንደተጀመረ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ዘግይታችሁ ለደረሳችሁን ግን ልናገር። የመምህሮቻችንን ስም አልጠራም፤ በሕይወት ያሉትን ሳናስፈቅድ፣ የሞቱትንም ቤተሰባቸውን ሳንጠይቅ አናደርገውም። ስም ባልጠራም ማንን እንደማነሳ ወዲያው ታውቃላችሁ።

ጥቁር ሰሌዳችን በዓመቱ አጋማሽ እየነጣ ጠመኔው አልታይ ይለን ነበር። የአራተኛ ክፍሉ መምህራችን ያለቀ የሬዲዮ ባትሪ ድንጋይ ከቤት እንድናመጣ ያዙናል። ዓርብ ከሰዓት እጅጌያቸውን ሰብስበው ድንጋዩን ይሰብሩና ውስጡ ያለውን ጥቁር ከሰል ይወቅጡታል፤ በቅጠል ጭማቂ ለውሰው በጨርቅ ሰሌዳውን ይቀቡታል። ሰኞ ጠዋት ሰሌዳው አዲስ ነው፣ የእሳቸው ጥፍር ግን እስከ ረቡዕ ጥቁር ነበር። የተማርኩት ማካፈል ምን እንደሆነ ይጠፋብኛል፤ ያ ጥፍር ግን አይጠፋብኝም።

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲታወጅ የእኛ መምህራን ቀን እኛን፣ ማታ ወላጆቻችንን ማስተማር ያዙ። ዘመቻው በ15 ቋንቋዎች የተካሄደና አገራችንን በዓለም ያስመሰገነ ነው፤ በእኛ ከተማ ግን ዘመቻ ማለት ያው አራተኛ ክፍል፣ አንድ ማሾ እና የሁለተኛ ክፍሏ እትዬ ነበሩ። እናቴ ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ስትወስድ በአውራ ጣቷ ነበር የምትፈርመው። አንድ ቀን ተከትያት ሄጄ ሳለ ጣቷን ወደ ቀለሙ ሊወስድላት የነበረውን ሰውዬ «ቆይ» አለችው፤ እስኪርቢቶውን ተቀብላ ስሟን ጻፈች። ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ ከኋላ ያለው ሰልፍ ሁሉ ዝም ብሎ ጠበቃት። እትዬ ለዚያ ሥራ የተለየ ደመወዝ አልነበራቸውም። ልጆቻቸውን ለጎረቤት እየተዉ ነበር የሚመጡት።

የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ በእኛ ከተማ አይሰጥም ነበር። የሒሳብ መምህራችን ወደ አውራጃው ከተማ ይዘውን ሄደው፣ ማደሪያ የሌለንን ከራሳቸው ኪስ ከፍለው አሳደሩን። ያኔ ያደርንበትን ዛሬ የከፈልን የለም፤ እሳቸውም ጠይቀውን አያውቁም።

ጣሪያው በወደቀ በሦስተኛው ቀን እኚሁ የሒሳብ መምህር በምርኩዝ መጡ። ጡረታ ከወጡ ብዙ ዓመታቸው ነው። እኛ ቆርቆሮ ስናነሳ እሳቸው ድንጋይ ላይ ተቀምጠው የረጠቡትን መጻሕፍት አንድ በአንድ እየገለጡ፣ በገጹ መካከል ጋዜጣ እያስገቡ ፀሐይ ላይ ሲያሰጡ ዋሉ። ገጽ ሳይቀደድ ማላቀቅ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ እኛ የቸኮልንባቸው ተቀደዱ፣ እሳቸው የያዟቸው ተረፉ። ሲሄዱ ከጡረታቸው 500 ብር በወረቀት ጠቅልለው ሰጡን፤ «ደረሰኝ ቁረጡልኝ» አሉ። ቆረጥንላቸው። እኔ ደረሰኙን ስጽፍ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ክርስቲያን የሆናችሁ «ዋኖቻችሁን አስቡ» የሚለውን ታውቃላችሁ። ሙስሊም ወንድሞቻችንና እኅቶቻችን ደግሞ ሰው ሲሞት ሥራው ይቋረጣል፣ ሦስት ነገሮች ሲቀሩ የሚለውን ሐዲስ ከእኛ የበለጠ ታውቁታላችሁ፤ ከሦስቱ አንዱ የሚጠቅም ዕውቀት ነው። ሃይማኖቱ ቢቀር እንኳ የቀለም አባትና የቀለም እናት ውለታ አለብን።

የዜግነት ግዴታም አለ። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ልጆች 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ መሆናቸውን ሁላችንም ሰምተን ደንግጠናል፤ በ2015ም 3.2 ከመቶ ነበሩ። እነዚያ ልጆች 12ኛ ክፍል ላይ አይደለም የወደቁት። የሚነበብ መጽሐፍና የሚቀመጡበት ደረቅ ክፍል ያጡት ከታች፣ እንደ እኛዋ ባለች ትምህርት ቤት ነው። ትምህርት ሚኒስቴር «ትምህርት ለትውልድ» ብሎ ሕዝቡን ሲያነሳሳ፣ መንግሥት ብቻውን እንደማይችለው መናገሩ ነው። እኛም ወደ ወረዳው ሄደን ጠይቀናል፤ ተራችን ገና ነው።

አሁን የሚያስፈልገው ይህ ነው። ባህር ዛፍ ዳግመኛ አናስገባም፤ ወራጁና ተሸካሚው ብረት፣ ክዳኑ ባለ 28 ጌጅ ቆርቆሮ ይሆናል። «ባለ 35ቱ ርካሽ ነው» ያላችሁን ሰምተናል፤ ቀጭን ነው፣ የእኛን አገር በረዶ አይችልም። ከሦስት ነጋዴዎች ፕሮፎርማ ሰብስበን ዝቅተኛውን መርጠናል። ችግሩ ጊዜው ነው። ጣሪያው የወደቀው ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጥቂት ሳምንታት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ የብረትና የቆርቆሮ ዋጋ አልያዝ ብሎናል፤ መስከረም ላይ ያሰባሰብነው ፕሮፎርማ ኅዳር ላይ አልሠራም። ገንዘቡ በቁርጥራጭ ሲገባ እያጠራቀምን ስንጠብቅ ዋጋው ይቀድመናል። ለዚህ ነው ቃል የገባችሁ እባካችሁ አሁን አስገቡ የምንለው። የቃል ዝርዝራችን ላይ ያለው ሁሉ ቢገባ ኖሮ ይህን ደብዳቤ ባልጻፍን ነበር። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ የኑሮውን ነገር እኛም እናየዋለን። 1,000 ያሰበ 200 ቢችል 200ውን ይላክ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው።

አከፋፈሉ ላይ ጥንቃቄ አድርጉልን። ሒሳቡ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በኮሚቴው ስም የተከፈተው ነው፤ ቁጥሩ በአባልነት ደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ አለ፣ አልተለወጠም። ገንዘቡ የሚወጣው በሦስት ሰዎች ጥምር ፊርማ ብቻ ነው። በማንም ግለሰብ ሒሳብም ሆነ በግለሰብ ቴሌብር እንድታስገቡ ኮሚቴው አይጠይቅም፤ በስማችን የጠየቃችሁ ካለ አትላኩ፣ ንገሩን። ስታስገቡ ስማችሁንና ስምንተኛ ክፍል የጨረሳችሁበትን ዓመት አስጽፉ። ባለፈው ስም የሌለው ገንዘብ ገብቶ የማን እንደሆነ ለማወቅ ሳምንት ፈጅቶብናል፤ አንዱን እስከ ዛሬ አላወቅነውም። ባለቤቱ ይህን ካነበብክ ወይም ካነበብሽ ደረሰኝሽ ወይም ደረሰኝህ እኛ ጋ ነው። ውጭ አገር ያላችሁም በባንክ በኩል ወደዚያው ሒሳብ ላኩ።

የዓለም የመምህራን ቀን በሚከበርበት መስከረም 25 ቀን 2018 ዓ.ም. በሩን መልሰን ልንከፍት አቅደናል። ሪባኑን የሚቆርጡት እትዬና የሒሳብ መምህራችን ናቸው፤ ጠይቀናቸው እሺ ብለውናል። እትዬ ዓይናቸው እየደከመ ነው፤ «እስከዚያ ካየሁ» ነው ያሉን።

ነጋዴው የሰጠንን ዋጋ የሚይዝልን እስከ የካቲት 30 ብቻ ነው። በድጋሚ፦ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ በኮሚቴው ስም፣ በደብተራችሁ የመጨረሻ ገጽ ላይ ባለው ቁጥር። ስማችሁንና ዓመተ ምሕረቱን አትርሱ፤ የባንኩን ደረሰኝም ለገንዘብ ያዣችን አሳዩ።

የኮሚቴው ጸሐፊ
የካቲት 2017 ዓ.ም.