የተናቀችው ሜዳይ

ጤና ይስጥልኝ ውድ አዘጋጅ፤

ሰሞኑን ስለ ሜዳይ ሰብሳቢዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ደስ ይላል፤ ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ጸሐፊው የብሪታንያ ትልቁ የጀግንነት ሽልማት ስለሆነው ስለ ቪክቶሪያ መስቀል ሲያወራ አራት አንቀጽ ፈጅቶ፣ የብሪታንያ ጦር ለረጅም አገልግሎትና ለመልካም ጠባይ የሚሰጣትን ሜዳይ ግን «ዝም ብሎ ለከረመ ሁሉ የምትታደል» ብሎ በአንድ መስመር ገላገላት። እኔ ደግሞ ይኸው ስንት ዓመቴ፣ የምሰበስበው እሷን ነው። ዝም ብል ያመኛል።

«ለከረመ ሁሉ» የሚባለው እስቲ ምን ያህል ለከረመ ነው? ሜዳዩን ያቋቋመው ንጉሥ ዊልያም አራተኛ ነው፤ በ1830 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)። ያኔ እግረኛ ወታደር 21 ዓመት፣ ፈረሰኛ ደግሞ 24 ዓመት ማገልገል ነበረበት። በ1870 ወደ 18 ዝቅ አለ። አስራ ስምንት ዓመት ማለት ለዚያ ዘመን ተራ ወታደር ህንድ፣ ወባ፣ ኮሌራ፣ ጠባብ ሰፈርና ርካሽ አረቄ ማለት ነው። ይህን ሁሉ አልፎ ስሙ በጥፋት መዝገብ ላይ ሳይበዛ መውጣት ቀልድ አይደለም። ባሕር ኃይሉ በ1831 የራሱን አወጣ፤ የመጀመሪያዋ በጀርባዋ መልሕቅ ስላለባት ሰብሳቢዎች «መልሕቋ» ነው የሚሏት። አየር ኃይሉ በ1919 ተከተለ። መኮንኖች ግን ለረጅም ጊዜ አይመለከታቸውም ነበር። የመኮንን ጨዋነት ማስረጃ አያስፈልገውም ተብሎ ይሆናል፣ እንጃ። ከተራ ወታደርነት ላልተነሳ መኮንን በሩ የተከፈተው በ2016 ነው።

ወታደሮቹ ራሳቸው ይቀልዱባታል፤ ይህን አልክድም። «የ18 ዓመት ያልተያዘ ወንጀል ሽልማት» ይሏት ነበር። ሌላው ስሟ «ሩቲ» ነው፤ ህንድ የኖሩት ወታደሮች ዳቦን በህንዶቹ አጠራር ሮቲ ሲሉ ከርመው ነው ያመጡት። በእኛ አፍ የዳቦ ሜዳይ እንደማለት። የመንግሥትን ዳቦ ይህን ያህል ዓመት ለበላ ሰው! እኔ ይህን ቀልድ እወደዋለሁ። ራሱ ላይ የሚቀልድና ከውጭ ሆኖ የሚንቅ ሰው ግን አንድ አይደሉም።

ሌላም አለ። እስከ 1916 ድረስ የዚህች ሜዳይ ጥብጣብ ወጥ ደማቅ ቀይ ነበር። የጦር ሠራዊቱ የቪክቶሪያ መስቀል ጥብጣብም እንዲሁ ቀይ ነው። ወታደሩ ሜዳዩን ትቶ ጥብጣቡን ብቻ ደረቱ ላይ ሲያደርግ ማን ምን እንደሆነ መለየት አስቸገረ፤ በዚህ ሰበብ ነው ዳርና ዳሩ ላይ ነጭ መስመር የተጨመረበት። ከ1916 በፊት የተነሳ የወታደር ፎቶግራፍ ካያችሁ ታዲያ ቶሎ ብላችሁ «ጀግና!» አትበሉ። የዳቦው ሊሆን ይችላል።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። የዚህች ሜዳይ ሀብቷ ፊቷ ላይ አይደለም፣ ጠርዟ ላይ ነው። ስፋቷ 36 ሚሊ ሜትር የሆነች ክብ ብር ናት። ጠርዟን መብራት ሥር በማጉያ መነጽር ቀስ እያደረጋችሁ ስታዞሯት ቁጥር ይመጣል፣ ከዚያ ማዕረግ፣ ከዚያ ስም፣ ከዚያ ሬጅመንት፣ ማለትም ያገለገለበት የጦር ክፍል። የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኮከቦችና ሜዳዮች ለብሪታንያ ወታደሮች ሲሰጡ ስም አልተጻፈባቸውም። አንድ ሳጥን ሙሉ ብትገዙ የማን እንደነበሩ አይነግሯችሁም። ከመካከላቸው አንዲት የረጅም አገልግሎት ሜዳይ ካለች ግን አለቀ፣ ሰውዬው ተገኘ። የሌሎቹም አፍ እሷ ናት። የቪክቶሪያ መስቀል ባለቤቶች ታሪክ ደግሞ ተጽፎ ያለቀ ነው፤ እኔ ምን ልጨምርበት? ይህን ተራ ወታደር ግን ከእኔ በፊት የፈለገው ሰው የለም።

ፍለጋው ለንደን፣ ኪው ባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ነው የሚጀመረው፤ ብዙው አሁን በኢንተርኔትም ይገኛል። ሜዳዩ ለማን እንደተሰጠ የሚናገሩት መዛግብት ደብልዩ ኦ 102 የሚባለው ክምችት ውስጥ ናቸው። ሰውዬው እስከ 1913 ጡረታ ወጥቶ ከሆነ ደግሞ ደብልዩ ኦ 97 ውስጥ የስንብት ወረቀቱ ሊኖር ይችላል፤ ወርቁ ያለው እዚያ ነው። ቁመቱ፣ የዓይኑ ቀለም፣ ጠባሳው፣ ከመቀጠሩ በፊት የነበረው ሥራ፣ የት አገር ስንት ዓመት እንደቆየ፣ ስንቴ እንዳጠፋ። አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። ከ1920 በፊት እያንዳንዱ ሬጅመንት የራሱን ቁጥር ነበር የሚሰጠው፤ ስለዚህ ሬጅመንቱ ካልታወቀ ቁጥሩ ብቻውን ዋጋ የለውም። አንደኛው የዓለም ጦርነት ላይ ያገለገሉትን የምትፈልጉ ደግሞ ከአሁኑ ሆዳችሁን ቻል አድርጉት። መዝገቦቹ የነበሩበት የለንደን መጋዘን በ1940 በጀርመን ቦምብ ተቃጥሎ ከግማሽ በላይ ወድሟል። የተረፉትም ጠርዛቸው የጠቆረ፣ ውሃ የነካካቸው ናቸው።

እስቲ አንዱን ላሳያችሁ። ስሙን አልጽፍም፤ ዘሮቹ ይኖሩ ይሆናል። ሜዳዩን የገዛሁት ከአንድ ነጋዴ ነው። ብቻዋን ነበረች፤ ጠርዟ ላይ የ33ኛው እግረኛ ሬጅመንት ተራ ወታደር ይላል። ዋጋዋ ርካሽ ነበር፤ እንደ ጸሐፊያችሁ የሚያስብ ሰው ስለሚበዛ መሰለኝ። ቤት ገብቼ የስንብት ወረቀቱን አወጣሁ። የገባው በ1858 ነው፣ የቀን ሠራተኛ ነበር። የጥፋት መዝገብ ላይ ስሙ ሦስት ጊዜ ሰፍሯል፤ ሦስቱም በመጀመሪያዎቹ ዓመታት፣ ሁለቱ በስካር። ከዚያ በኋላ ምንም። ወታደር ጠባዩ ሲያምር እጅጌው ላይ ምልክት ይሰፋለታል፣ በቀን አንዲት ፔኒም ትጨመርለታለች፤ ይሄ ሰውዬ ምልክቱን አንዴ ተቀምቶ እንደገና ከታች ጀምሮ ለቅሞታል። እዚህ ጋ ትንሽ ቆም አልኩ። ጨዋነት ከተፈጥሮ የተሰጠው ሰው አይደለም፤ በዓመት በዓመት ያጠራቀመው ነው።

ወረቀቱ ግርጌ የሚፈርምበት ቦታ አለ። ፊርማ የለም። ስሙን ጸሐፊው ጽፎለት፣ መሐሉ ላይ እሱ በእጁ የመስቀል ምልክት አድርጓል። ማንበብም አይችልም ነበር መሰለኝ። ያቺን ሜዳይ ደረቱ ላይ ሲያደርጓትና ጠርዟን በጣቱ ሲዳብስ፣ የተቀረጸው የራሱ ስም መሆኑን የነገረው ሌላ ሰው መሆን አለበት።

ቀጥሎ ያነበብኩት መስመር ነው ከወንበሬ ያስነሳኝ። ያገኛቸው ሜዳዮች በሚለው ቦታ ሁለት ተጽፈዋል። አንዷ የእኔዋ። ሌላዋ የአቢሲኒያ ሜዳይ። 33ኛው ሬጅመንት ከህንድ በመርከብ መጥቶ ሚያዝያ 1868 መቅደላ አምባ ላይ የወጣው ነው። አፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውን በሠዉበት ቀን ቅጥሩን ዘለው በመግባት የቪክቶሪያ መስቀል ያገኙት ሁለቱ ወታደሮች፣ ማግነርና በርጊን፣ የዚሁ ሬጅመንት ልጆች ናቸው። የእኔም ሰውዬ እዚያ ነበር። ደስ ልበለኝ ወይስ ይክፋኝ እስካሁን አላወቅኩም። የዳቦ ሜዳይ ስፈልግ መቅደላ ላይ ወጣሁ።

ያቺን ሜዳይ ያላያት ካለ ልንገራችሁ። ከእኔዋ ታንሳለች። ፊቷ ላይ የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል ባለ ዘጠኝ ጨረር ኮከብ ውስጥ ተቀምጧል፤ በጨረሮቹ መካከል «አቢሲኒያ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አንድ አንድ ፊደል ሆኖ ዙሪያውን ተደርድሯል፤ ዘጠኝ ፊደል፣ ዘጠኝ ክፍተት። የባለቤቱ ስም ደግሞ ጠርዟ ላይ አይደለም። ጀርባዋ ላይ፣ የሎሬል ቅጠል ጉንጉን መሐል፣ ከብሩ ጋር አብሮ ወጥቶ ነው ያለው። ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻ! ብሪታንያ ብዙኃን ወታደሮቿን በሸለመችባቸው የዘመቻ ሜዳዮች እንዲህ ማድረግ የተለመደ አልነበረም።

በማግስቱ ነጋዴው ጋ ደወልኩ። «አዎ፣ ሁለቱ አብረው ነበር የመጡት» አለኝ፤ ምንም ሳይመስለው። አቢሲኒያዋ ለብቻዋ ጥሩ ዋጋ ስለምታወጣ ባለፈው ወር ሸጣታል። ለማን እንደሆነ አላስታወሰም፣ ወይም ሊነግረኝ አልፈለገም። አንድ ሰው ሃያ ዓመት ለፍቶ አንድ ላይ ያደረጋቸውን፣ ቤተሰቡም እስከዛሬ አንድ ላይ ያቆያቸውን፣ አንድ ከሰዓት በኋላ ለያይቶ ሸጠ።

የጸሐፊያችሁ ዓይነት ንቀት ምን እንደሚያመጣ እንግዲህ ይኸውላችሁ። «ይቺ ምንም አታወጣም» ሲባል ነው ጥንዱ የሚበተነው። «ይቺ ተራ ናት» ሲባል ነው የአያታቸውን ሜዳይ ያገኙ ሰዎች በብረት ማጽጃ እያሹ ስሙን የሚያደበዝዙት። እባካችሁ አትወልውሏት፤ የጠቆረ ብር አይጎዳም፣ የተፋቀ ስም ግን አይመለስም። ሆን ብለው ስሙን ፍቀው የሌላ ሰው ስም የሚጽፉም አሉ። ይህን ለመያዝ መለኪያ ይዛችሁ ስፋቷን ለኩ፤ 36 ሚሊ ሜትር መሆን የነበረባት ከጎደለች፣ ጠርዟን የነካት እጅ አለ።

ጸሐፊው ይቅርታ ይጠይቅ አልልም፤ የሰው ዓይን የሚያየው የሚያብረቀርቀውን ነው። ግን ይህን ደብዳቤ ብታወጡልኝ አንድ ጥቅም አለው። ምናልባት ከአንባቢዎቻችሁ አንዱ ቤት፣ ወይም በአንዱ ዘመድ መሳቢያ ውስጥ፣ የአቢሲኒያ ሜዳይ ካለች ገልበጥ አድርጋችሁ ጀርባዋን እዩልኝ። 33ኛ ሬጅመንት ካለች ለዝግጅት ክፍሉ አሳውቁ። ቁጥሩን በቁራጭ ወረቀት ጽፌ የኪስ ቦርሳዬ ውስጥ ይዤው እዞራለሁ፤ ወረቀቱ ታጥፎ ታጥፎ ሊበጠስ ስለደረሰ ባለፈው ሳምንት አዲስ ላይ ገልብጬዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የዳቦ ሜዳይ ሰብሳቢ